የቦካው ማንጎ

የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ፤ ኋላ "እኔ አልነበርኩም" የሚል አይጠፋምና። እትዬ ፋጡማ ነበረች፤ ቤቱ የእሷ ነው። የልጅ ልጆቿ ሁዳና ሙራድ ነበሩ። አባቱ ካርቲየ 5 በሚባለው ሠፈር ጎሚስታ የሆነው ናትናኤል ነበር፤ ምን ሳል ቢሉት ጎማ የሚስል ልጅ ነው። ቤዛ ነበረች፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሷ ናት። እናቷ ገነት ነበረች። አባቷ ደረጀ ኋላ ላይ ከነአቧራው መጣ። እኔም ነበርኩ፣ ጥግ ላይ። በሩ ላይ አንዲት ፍየል ነበረች፤ ስሟን አላውቅም፣ ባለቤቷም እስካሁን አልተገኘም፤ ግን በጉዳዩ ድርሻ ስላላት ብዘላት ልክ አይሆንም። ከበሩ ጀርባ ደግሞ ሮዝ ቀለም ያለው ትንሽ ሻንጣ ነበር። ሻንጣ ሰው አይደለም። ቢሆንም ያን ቀን ሁላችንም እንዳላየን ሆነን ስናየው የዋልነው እሱን ነበር።

እኔ በዚህ ከድንበር ማዶ ባለ የወደብ ከተማ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ካርቲየ 2 ውስጥ የተሰቀሉትን ታፔላዎች፣ በተለይ ፊደላቸው የተንጋደደውን እያየሁ፣ እንዴት መጻፍ እንደሌለበት ተማርኩ፤ የቀረው ራሱ መጣ። አንድ ጊዜ ለአንድ ጭማቂ ቤት ማንጎ ሳልኩ። ማንጎ መሳል ቀላል ይመስላል። ሞክሩት። ትንሽ ካረዘማችሁት ፓፓያ ይሆናል፣ ትንሽ ካሳጠራችሁት ኩላሊት ይሆናል፤ ኩላሊት የተሳለበት ጭማቂ ቤት ደግሞ ማን ይገባል? ስለዚህ ገበያ ሄጄ አንድ ማንጎ ፊት ቆምኩ። ቢጫው የት ላይ አልቆ አረንጓዴው የት ላይ እንደሚጀምር፣ ትከሻው ላይ ያሉት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወዴት ወዴት እንደሚበተኑ ስመለከት፣ ሻጯ ታገሠችኝ፣ ታገሠችኝና፣

"ወንድም፣ ትገዛዋለህ ወይስ ታገባዋለህ?" አለችኝ።

ገዛሁት። ጣጣውን ያመጣብኝም ያ ማንጎ ነው። እትዬ ፋጡማ በጭማቂ ቤቱ በኩል ስታልፍ ሥዕሉን አይታ፣ "ይሄን የሳለው ልጅ ይምጣልኝ" ብላ ላከችብኝ።

እትዬ ፋጡማ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች የጨርቅ ነጋዴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ለልጇ ትታ፣ እናቶቻቸው ሥራ የሚውሉባቸውን የአገር ቤት ልጆች ሳሎኗ ውስጥ ሰብስባ ትውላለች። መጀመሪያ ቀን "እንዴት ነዎት?" ስላት ዘወር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ድሬዳዋ ያደገ ሰው አንቱታን ለማያውቀው ባለሥልጣን ነው የሚያስቀምጠው። "አቦ፣ አንቺ በለኝ! ምን ታስረጀኛለህ!" አለችኝ። እናቴ የምትሆን ሴት አንቺ ማለት አፌ እምቢ ስላለኝ፣ ለብዙ ጊዜ ግሥ የሌለው ወሬ ሳወራ ከረምኩ። "እትዬ፣ ውኃ?" "እትዬ፣ ወንበር ከየት?" ከድሮም ብዙ የማልናገር ሰው ስለሆንኩ ልዩነቱን ያስተዋለ የለም።

ጉዳዩ የቤዛ ነበር። አባቷ ደረጀ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከወደብ ስንዴ ጭኖ አገር ቤት ያራግፍና ተመልሶ ይመጣል። እናቷ ገነት እዚሁ ካርቲየ 2 ሹፌሮች የሚመገቡበት ቤት ትሠራለች። ቤዛ የተወለደችው እዚህ ነው። ከሠፈሩ ልጆች ጋር በሶማልኛ ትጣላለች፣ በፈረንሳይኛ ትታረቃለች። አማርኛ ይገባታል፤ ነገር ግን በአማርኛ ሲያናግሯት መልሷ ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው። ደረጀ በመጣ ቁጥር አዋሽ ላይ ፍራፍሬ ይገዛላታል። ባለፈው ጉዞው ማንጎውን እያሳየ "ቤዚዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ቢላት "ማንግ" አለችው። ብርቱካኑን ደግሞ "ኦራንዥ" አለችው። ራቱን ሳይበላ ተነሣ።

"ያን ሁሉ በረሃ አቅፌው መጥቼ፣ አፏ ውስጥ ሲገባ የሰው ሆነብኝ" አለ ገነትን። ቀጠለና፣ በሚመጣው ጉዞ ልጅቱ በአማርኛ ካላናገረችው አዳማ እናቱ ዘንድ ወስዶ እዚያ ትምህርት ቤት እንደሚያስገባት ተናገረ። "ልብሷን አዘጋጂ" አላት።

ገነት ሥራዋን ጥላ አብራ መሄድ አትችልም። ስለዚህ አለቀሰች፣ ከዚያ ልብሱን አጣጠፈች። ደረጀ በሚመጣበት ቀን ይዛው መጥታ ከበሩ ጀርባ ያቆመችው ሮዙ ሻንጣ ያ ነው።

እትዬ ፋጡማ ግን ልብስ አጣጥፎ ከመጠበቅ የተሻለ ነገር አለ ባይ ናት። "ፍራፍሬውን አስተምርልኝ" አለችኝ። "በሥዕል አድርገው። በቁጣማ ሁሉም ያስተምራል።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወረቀትና ከለር ይዤ ገባሁና፣ መምህር መቼም በጥያቄ ነው የሚጀምረው ብዬ፣ "ማንጎ የሚገኘው የት ነው?" አልኳቸው።

"ካሚዮን ላይ!" አሉ ባንድ ድምፅ።

"ከካሚዮኑ በፊትስ?"

"ካርቶን ውስጥ" አለች ሁዳ።

"ባቡር ላይ ነው!" አለ ሙራድ። "ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ አይቻለሁ፤ አንዲት ሴትዮ በፌስታል ይዛ ስትወርድ።"

ናትናኤል ባቡር ጎማ ስለሌለው ምንም ነገር ሊያመጣ አይችልም ብሎ ተነሣበት። ሊደባደቡ ሲሉ እኔ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማንጎ ዛፍ ላይ እንደሚያፈራ ነገርኳቸው። ከዚያ ሁዳ በአዘኔታ እያየችኝ፣ "ማን ሰቀለው?" አለችኝ።

የዚያን ቀን ሥዕሎች እስካሁን አሉ። የሙራድ ዛፍ ሐዲድ ላይ ቆሟል። የናትናኤል ዛፍ ከሥሩ ጎማ አለው፤ መለዋወጫውም ጭምር ተስሏል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ለልጆቹ ማሳያ ትክክለኛውን የማንጎ ዛፍ ልሳል ብዬ ስቀመጥ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለካ እኔም ማንጎ ዛፉ ላይ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ቅጠሉ ሰፊ ይሁን ቀጭን፣ ፍሬው ብቻውን ይንጠልጠል ወይስ በዘለላ፣ አላውቅም። እዚህ ከተማ ፍሬ የሚመጣው እንደኛው ነው፤ ግንዱን ትቶ። ያላየሁትን ከምቀባጥር ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ማኅተም ልናደርግ ብርቱካን ለሁለት ቆርጠን፣ ቀለም ውስጥ ነክረን፣ ወረቀት ላይ መምታት ጀመርን። የብርቱካን ሆድ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የጎማ ቸርኬ ይመስላል፤ ናትናኤል በደስታ ሊሞት ነበር። ሙቀቱ ግን ሙቀት ነው፣ ማራገቢያውም መብራት ጠፍቶ ቆሟል፣ ብርቱካን ደግሞ ብርቱካን ነው። ዞር ብዬ ስመለስ ሙራድ ማኅተሙን በልቶታል። ሁዳም ልታወግዘው ተነሥታ የራሷን በላች። ቤዛ ቀለሙን ሳትጠርግ ስለበላች ምላሷ ሰማያዊ ሆነ፤ ገነት ስትመጣ ከልጇ አፍ እስከዚያ ቀን ያልወጣው አማርኛ ሁሉ ከእሷ አፍ ወጣ፣ በእኔ ላይ። ቤዛ ራሷን ነቀነቀች።

ስለዚህ ሦስተኛውን በጥንቃቄ አሰብኩበት። የማይበላ ፍራፍሬ እንሠራለን አልኩ። ከዱቄት፣ ከብዙ ጨውና ከውኃ የተቦካ ሊጥ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ቀለም ይይዛል፣ ትል አይነካውም። ከጥንቃቄ ብዛት ቀለሙን ራሱን ከጓዳ መረጥኩ፤ ቢጫው እርድ፣ ቀዩ ቀይ ሥር፣ አረንጓዴው የኬክ ቀለም። አሠራሩን ለእትዬ ፋጡማ በዝርዝር ነገርኳት። የሊጡ ልስላሴ እንኳ ልክ እንደ ጆሮ ጫፍ ይሁን ብያታለሁ። እሷም "እሺ የኔ ልጅ፣ ሊጥ ለእኔ ተወው" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ ሊጡ በሳፋ ቀርቧል። ጣቴን ባስገባ እንዴት ያለ ሊጥ! ለስላሳ፣ የሚተነፍስ የሚመስል። "እትዬ፣ ይሄማ ከጠበቅሁት በላይ ነው" አልኳት። ደስ ብሏት ሻሿን አስተካከለች። ትንሽ የሚጎመዝዝ ሽታ ሸቶኝ ነበር፤ ጎረቤት ያለው ዳቦ ቤት ነው ብዬ አለፍኩት። ሰው መስማት የማይፈልገውን ሁሉ ጎረቤት ላይ ያሳብባል።

ልጆቹ ሠሩ። ሁዳ ሙዝ ሠራች፤ ሙዝ ድፍን ክብ እንዳልሆነ፣ ጎን ጎኑ ላይ ጠርዝ እንዳለው አሳየኋት። ሙራድ ብርቱካን ሠራና ቆዳውን በማበጠሪያ ጥርስ ወጋጋው። ናትናኤል ከብዙ ድርድር በኋላ ፓፓያ ሠራ፤ ጎማ ያለው ፓፓያ። ቤዛ ማንጎ ሠራች። ከሁሉም በላይ የተጠነቀቀችው እሷ ነበረች። ማንጎ ከላይ አንድ ትከሻ ከፍ፣ አንድ ትከሻ ዝቅ ያለ እንደሆነ፣ ከታች ወደ ጎን የዞረች ትንሽ አፍንጫ እንዳለችው በጣቴ አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና፣ ጣቷን ሊጡ ላይ አድርጋ፣ "ትከሻ?" አለችኝ።

አንድ ቃል ናት። የእርድ ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ የዋለችው ገነት ከጓዳ ሮጣ መጥታ ደግመሽ በይው ብትላት ራሷን ነቀነቀች።

ቀለም ቀብተን ስንጨርስ፣ ሳይሰነጣጠቅ በዝግታ ይድረቅ ብዬ ትሪውን ጥላ ውስጥ አስቀምጬ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንኩት። ምሳ በላን። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተጋደሙ። ገነት በሩ ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ታያለች፤ ደረጀ መኪናውን አቁሞ በእግሩ እየመጣ መሆኑን ደውሎላታል። እኔ በሐሳቤ ፈተናውን ጨርሻለሁ፤ አባት ያሳያል፣ ልጅ "ማንጎ" ትላለች፣ አለቀ።

"ጋሼ፣" አለኝ ሙራድ ከተኛበት፣ "ጨርቁ ተነሣ።"

ዞር አልኩ። ጨርቁ ከምሳ በኋላ ያንቀላፋ የሽማግሌ ሆድ መስሏል። ገለጥኩት። ሊጥና እንግዳ ሞቅ ያለ ቦታ ካገኙ ይንሰራፋሉ ይባል ይሆን? ካልተባለ እኔ ብያለሁ። ሙዙ ክንድ አክሎ ተቃንቷል። ብርቱካኑና ፓፓያው ተቃቅፈው አንድ ሆነዋል፤ ጎማዎቹንም ውጠዋቸዋል። ናትናኤል "ጎማው ተነፋ!" ብሎ ጮኸ፤ በእሱ ቤት ጥሩ ዜና ነው። የቤዛ ማንጎ ትከሻውም አፍንጫውም ጠፍቶ፣ እርዱ ተሰነጣጥቆ፣ የሰው ጭንቅላት አክሎ ተቀምጧል።

"እትዬ!" አልኩ፣ በዕድሜዬ ከፍ ባለው ድምፄ። "ሊጡ ውስጥ ምን ገባ?"

"እርሾ ነዋ!" አለች ከጓዳ።

"እርሾ አያስፈልግም ብዬ ነበርኮ!"

"መቼ አልክ? አንተ ስታወራ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅህ መቼ ይሰማል?"

"ጨውስ?"

"ያልከኝን ያህል ባደርግማ ቀይ ባሕርን ነው የምንበላው። ቀነስኩት።"

"እትዬ፣ እኮ አይበላም!"

እትዬ ፋጡማ እጇን እየጠረገች ወጣች። የማይበላ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምታ የማታውቅ ትመስል ነበር። "የስንዴ ዱቄት አቡክተህ የማይበላ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "አቦ፣ ምን ነካህ? እህል ነው እኮ! ልጆቹ ይጫወቱበት፣ ደግ፤ ሲጨርሱ ግን ምድጃ ገብቶ ይበላል። እህል ድንጋይ ይሁን ብሎ የሚያቦካ ሰው አይቼም አላውቅ።"

እኔ ስለ ፍራፍሬ ላስተምር ስመጣ ስለ እህል ማንም ያላስተማረኝ ሰው መሰልኩ። ግን የምናስብበት ጊዜ አልነበረም። ማንጎው ወደ መጠኑ ይመለሳል ብዬ በመዳፌ መታ አደረግሁት። "ፉሽ" ብሎ ተነፈሰና እንደተቀየመ ፊት አንድ ጎኑ ገባ። ቤዛ ይህን አይታ እጄን ገፋችው። በዚሁ መሐል ፍየሏ አንገቷን በበሩ አስገብታ፣ የሁዳን ሙዝ ከትሪው አንሥታ ሄደች። ሁዳ እኔ ልጽፈው የማልችለውን በሶማልኛ እየጮኸች ተከተለቻት። በሩ ላይ ፍየሏን ያሳለፈው ሰው ደረጀ ነበር።

የመንገዱ አቧራ ቅንድቡ ላይ ነበር። ፌስታል ይዟል፤ ማንጎ እንደሆነ ከቅርጹ ዐወቅሁ። እትዬ ፋጡማን እጅ ነሥቶ፣ ልጁን ስሞ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሮዙን ሻንጣ አየው። እኛም አየነው። ከዚያ ትሪውን አየ።

"ገኒ፣ በስልክ የነገርሽኝ ይሄ ነው?" አለ። "ፍራፍሬ ተማሩ ያልሽኝ?"

"አዎ... ትንሽ ተለቅ ብሎ ነው" አለች ገነት።

ደረጀ ያን ጭንቅላት የሚያክል ቢጫ ነገር በሁለት እጁ አነሣ። ልጁን አቅርቦ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይመለስለት የፈራውን ጥያቄ እንደሚጠይቀው፣ "ቤዚዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አላት።

የገነት ከንፈር "ማ..." ብሎ ተከፍቷል። የኔም። የእትዬ ፋጡማም። ቤዛ ነገሩን አየችው። ሽታውን አሸተተችው። ውሸታም ልጅ አይደለችም።

"ዳቦ" አለች።

ገነት ዓይኗን ጨፈነች።

"ዳቦ?" አለ ደረጀ።

"ማንጎ ነበር" አለች ቤዛ፤ ድምፅዋ ውስጥ የተከማቸ ቁጣ ነበረ። "እኔ ነኝ የሠራሁት። ትከሻ ነበረው። እትዬ ፋጡማ እርሾ ጨመረችበትና አበጠ። ከዚያ ጋሼ መታው። አሁን አሞታል፤ አትንካው።"

ደረጀ ማንጎውን አስቀመጠና ቀና አለ።

"ማን ነው የመታው?"

"እሱ" አለችና በጣቷ ወደ ጥጌ ጠቆመች።

"አንተ፣ የልጄን ማንጎ ለምን መታህ?"

"ጋሽ ደረጀ፣ እንዲያንስ ብዬ ነው" አልኩ። አልተሰማም መሰለኝ።

ደረጀ ፌስታሉ ውስጥ እጁን ሰዶ እውነተኛውን ማንጎ አወጣና ከጎኑ አኖረው። "ይሄስ? ይሄ የኔ ነው" አላት።

ቤዛ ሁለቱን አስተያየች፤ እሱን ላለማስቀየም እየተጠነቀቀች፣ "የአንተ ገና አልቦካም" አለችው።

ደረጀ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ትከሻው ብቻ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፣ አቧራው ላይ እርጥብ መስመር እስኪወጣ ድረስ ሳቀ። ገነት እየሳቀች ታለቅሳለች ወይስ እያለቀሰች ትስቃለች፣ ለይቼ ማየት አልቻልኩም። እትዬ ፋጡማ ትሪውን አንሥታ፣ "በሉ፣ በሽተኛው ወደ ምድጃ ይግባ" አለች።

ፓፓያና ብርቱካን የተጋቡበትን ዳቦ በሻይ በላነው። ውስጡ እርድ እርድ ይላል፤ ሌላ ነውር የለውም። ደረጀ ፍርፋሪውን ከምንጣፉ ላይ አንድ በአንድ እየለቀመ ጎረሰ። "ይሄን ስንዴ ስንቴ ጭኜዋለሁ፤" አለ፣ "ቢጫ ሆኖ አግኝቼው አላውቅም።" የተጋገረውን ማንጎ ግን ቤዛ አላስቆረሰችም። በፎጣ ጠቅልላ አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። "አንተ ውሰደው። መንገድ ላይ እንዳትመታው" አለችው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁም፤ የሚያናድደኝም ይህ ነው። ሊጥ የደረቀበትን ሳፋ ላጥብ ጓዳ ገብቼ ነበር፤ ቧንቧውም ይጮኻል። ደረጀ በሩ አጠገብ ለገነት አንድ ነገር ሲነግራት ሰማሁ። ገነት "ትቆይ ነው ያለው" ትላለች። እትዬ ፋጡማ "አይ፣ 'ለጊዜው ትቆይ' ነው ያለው፤ ወንድ መቼ ባንድ ጊዜ ይሸነፋል" ትላለች። ሙራድ ደግሞ ምንም አላለም፣ አፍንጫውን ብቻ ነው የጠረገው ባይ ነው። እኔ በጆሮዬ የሰማሁት "ለመንገድ ይሆነኛል" የሚለውን ብቻ ነው።

እጄን እያደረቅሁ ስወጣ፣ ደረጀ ሮዙን ሻንጣ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በጠባቡ መንገድ እየሄደ ነበር። ዚፑ አልዘጋ ብሎ፣ የተጋገረው ማንጎ ቢጫ ጫፉ ብቅ ብሏል። ፍየሏ ትንሽ ተከተለችውና ተወችው። ቤዛ በሩ ላይ ቆማ "እንዳትመታው!" እያለች ትጮኻለች። የቤዛ ልብሶች ሳሎኑ ውስጥ ፍራሹ ላይ ነበሩ፤ እጥፋታቸው ሳይበላሽ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ከላይ ነጭ ካልሲዎቿ።

የነበራችሁ ሁሉ፣ የዘለልኩት ካለ ጨምሩበት፤ ያጣመምኩትንም አቅኑልኝ። ይልቁንም ልብሶቹን ከሻንጣው ማን እንዳወጣቸው ያየ ካለ ይንገረኝ። ገነት እኔ አይደለሁም ትላለች፤ እትዬ ፋጡማም ምድጃው ጋ ነበርኩ ትላለች። እኔ የማውቀው፣ ከላይ ባለው ነጭ ካልሲ ላይ የአንድ ትልቅ አውራ ጣት የአቧራ አሻራ እንደነበረ ብቻ ነው።